ጉንፋንና ቀጠሮ

እናቶችና አባቶች፣ አያቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከቋሪት ዳገት፣ ከወንበርማ ሜዳ፣ ከቡሬ ዙሪያና ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታችሁ ፍኖተ ሰላም ገብታችኋል። በሩ አጠገብ ልጅ አዝላችሁ የቆማችሁ እናቶች እባካችሁ ወደ ፊት ኑ። ወጣቶች ወንበር ልቀቁላቸው። ልጅ ቢያለቅስ ማንም አይሳቀቅ፤ የዛሬው ጉባኤ የልጆቹ ነው።

የጠሩኝ ወላጆች በስልክ ያሉኝ እንዲህ ነበር፦ «ልጆቻችን የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። ግን ታመው አያባሩም። ዛሬ ጉንፋን፣ ነገ ተቅማጥ፣ በሳምንቱ ትኩሳት። እንሂድ ወይስ እንቅር? መጥተህ ንገረን።» ይህን ጥያቄ በፊዚዮቴራፒ ሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ጊዜ ወስዶ የሚመልሰው ባለሙያ ግን ጥቂት ነው፤ እኔም በጊዜው አልመለስሁትም።

መጀመሪያ ልጅ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚታመም እናገራለሁ። ቀጥሎ የትኛው ሕመም ከቀጠሮ እንደሚያስቀርና የትኛው እንደማያስቀር፣ በመጨረሻም ቤት በቀራችሁበት ቀን ምን እንደምትሠሩ። ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ አንድ ነገር ይዛችሁልኝ ሂዱ፤ ቀጠሮው ቢቀርም ሕክምናው አይቅር። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ በደሌን ልናገር። ሥራ በጀመርሁበት ሰሞን፣ የሠራሁበትን ተቋም ስም አልጠራም፣ ከወንበርማ በኩል አንዲት እናት መጣች። የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አዝላለች። ልጁ ሲወለድ ምጡ ረዝሞ፣ ታፍኖ ቆይቶ አንጎሉ ላይ ጉዳት ደርሶበታል፤ እኛ ሴሬብራል ፓልሲ የምንለው ነው። እግሮቹ ይገታተራሉ፣ ሲያቆሙት በጣቶቹ ጫፍ ይቆማል። እናቱ ከቤቷ የወጣችው ዶሮ ሲጮኽ ነው። መኪና እስክታገኝ በእግሯ፣ ከመኪናው ወርዳም እንደገና በእግሯ ሄዳ እኔ ዘንድ ስትደርስ ፀሐይ ከፍ ብላለች። የልጁ አፍንጫ ይንጠባጠባል፣ አልፎ አልፎም ያስለዋል። እኔም ፊቱን ብቻ አይቼ፣ ደረቱን እንኳ ሳላዳምጥ፣ «እታለም፣ ልጁን ጉንፋን ይዞታል፤ ሲሻለው መልሰሽ አምጪው» አልኋት። አልተከራከረችኝም። ነጠላዋን አጠባብቃ፣ ልጇን መልሳ አዝላ ሄደች።

የተመለሰችው ከአምስት ወር በኋላ ነው። «ምነው ጠፋሽ?» ብላት፣ «ሲሻለው አምጪው አላልኸኝም? አንዱ ሲለቀው ሌላው እየያዘው መቼ ተሻለው?» አለችኝ። ልጁን ምንጣፍ ላይ አስተኝቼ እግሩን ስይዘው፣ ከአምስት ወር በፊት በእጄ ግፊት እሺ ብሎ ይታጠፍ የነበረው ቁርጭምጭሚት አልታጠፍ አለ። የተረከዙ ጅማት አጥሯል። ያን ቀን ለሃያ ደቂቃ አስቀምጫት፣ ቤቷ ሆና የምትሠራውን ሁለት ነገር አሳይቻት ቢሆን ይህ ላይደርስ ይችል ነበር። እሷ የታዘዘችውን ፈጸመች፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ የጠራችሁኝ ጊዜ አንድም ቀን ሳላመነታ የመጣሁት በእሷ ምክንያት ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ልጅ ለምን እንዲህ ይታመማል?

ጡት የጠገበ፣ ክትባቱን የጨረሰ፣ ምንም ጉድለት የሌለበት ሕፃን በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ይይዘዋል። ይህ የጎጃም ልጅ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ የአዲስ አበባውም የለንደኑም እንዲሁ ነው። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 ይበልጣሉ፤ የሕፃኑ ሰውነት እያንዳንዱን ገና መተዋወቁ ነው። አንዱ ጉንፋን ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል፣ ሳሉ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሊያልፍ ይችላል። እንደኛ ባለ አገር ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በዓመት በአማካይ 3 ጊዜ ተቅማጥ ይይዘዋል። እስቲ አብረን እንቁጠር። ቀጠሮው በየሳምንቱ ከሆነ ዓመቱ 52 ቀጠሮ አለው። 8 ጉንፋንና 3 ተቅማጥ 11 ነው። እያንዳንዱ አንድ ሳምንት ቢያስቀረን 11 ቀጠሮ ሄደ። ጉንፋኑ ሁለት ሁለት ሳምንት ካስቀረን 19። በዚህ ላይ ከመስከረም እስከ ኅዳር በብር ሸለቆ የሚነሣውን ወባ ጨምሩ። ክረምት ላይ ላህና ፈጣም ሲሞሉ፣ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ፣ መንገድ ሲዘጋ የሚቀረውን ጨምሩ። «ሲሻለው» እያለ የሚጠብቅ ወላጅ የዓመቱን ግማሽ ሲጠብቅ ይከርማል።

ስለዚህ የልጃችሁ አፍንጫ በየወሩ ቢንጠባጠብ ራሳችሁን አትውቀሱ። ጎረቤትም «ይህ ልጅ ምን ነክቶት ነው?» ሲል አትደንግጡ። ጉንፋን የልጅነት አንዱ ክፍል ነው፤ ሕክምናው ከጉንፋኑ ጋር አብሮ የሚኖርበትን መንገድ መፈለግ አለብን።

አንጎሉ የተጎዳ ልጅ ግን ጉንፋኑ ወደ ደረት የሚወርድበት የራሱ ምክንያት አለው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ልጅ አክታውን ስሎ ለማውጣት ጉልበት ያንሰዋል። ቀኑን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ ከዋለ አክታው እዚያው ይረጋል። ሲውጥም ጉሮሮው ስለማይታዘዘው ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል፤ ትን የሚለው ለዚህ ነው። አሁን ሁላችንም የምናውቀውን መጋት አስቡ። ሕፃኑን ጭን ላይ አንጋሎ፣ መዳፍን እንደ ጽዋ አጥፎ፣ አብሹን ወይም አጥሚቱን ወደ አፉ ማፍሰስ። እዚህ ያለነው ብዙዎቻችን እንዲህ ተግተን አድገናል፤ እናቶቻችን ያደረጉት በፍቅር ነው። መዋጥ የሚያስቸግረውን ልጅ መጋት ግን አጥሚቱን ሳንባው ላይ እንደ ማፍሰስ ነው። ቁጭ አድርጉት። ጀርባው ደረታችሁን ይደገፍ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዘንበል ይበል። በትንሽ ማንኪያ፣ አንዱን ሳይውጥ ሌላውን ሳትጨምሩ አብሉት። በልቶ ሲጨርስም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ ይቆይ። አንዱ ገበታ አርባ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። እርሻና ከብት ለሚጠብቃት እናት ይህ ብዙ ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አባትም፣ አያትም፣ ታላቅ እኅትም ይማሩት። ይህን አበላል የለመዱ ቤቶች በዓመቱ ስንት ሌሊት በሳል ሳይነቁ እንዳደሩ እናቶቹ ራሳቸው ነግረውኛል።

ከመጋት ቀጥሎ የማነሣው ጢስ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሕፃኑ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከምድጃው አጠገብ ወይም በጋጋሪዋ ጀርባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በጢስ በታፈነ ቤት የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዙ ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ምርጥ ምድጃ ማስገባት የቻለ ያስግባ። ያልቻለ ደግሞ ቢያንስ በጋገራ ሰዓት ልጁን ውጭ፣ ዋርካው ጥላ ሥር፣ የሚይዝለት ሰው ይፈልግ።

ስለ እንጥልና ስለ ግግም ዝም ብዬ አላልፍም። ልጅ ሳል ሲደጋግምበት «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ወደ ቆራጭ፣ ተቅማጥና ትኩሳት ሲደጋግመው «ግግ ነው» ተብሎ ወደ ነቃይ ይወሰዳል። የምትወስዱት ጨክናችሁ ሳይሆን ተጨንቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እንጥል ቢቆረጥ ግን ጉንፋን አይቀርም፤ ከላይ ያልኋችሁ ከ200 በላይ ቫይረስ እንጥልን አይጠይቅም። ግግ የሚባለውም ገና ያልወጣ የልጁ የራሱ ጥርስ ነው። ቁስሉ ይደማል፣ ይመረቅዛል፤ ያልተቀቀለ ምላጭ መንጋጋ ቆልፍን ጨምሮ ሌላ በሽታ ያመጣል። መዋጥ ያቃተው ልጅ ጉሮሮው ሲቆስል ደግሞ የያዘውን ጥቂት አበላል እንኳ ያጣል። ይህን አታድርጉት። እባካችሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ፤ የቀጠሮው ቀን ደርሶ ልጁ ታሞ ሲገኝ እንሂድ ወይስ እንቅር?

የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቼ ሕፃን ሲመረምሩ የሚያዩት መጽሐፍ ሮዝ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም አለው። እኔም እነዚያኑ ቀለሞች ልዋስ።

አረንጓዴው ይህ ነው፦ አፍንጫው ይንጠባጠባል፣ ትንሽ ያስለዋል፣ ግን ሰውነቱ አይተኩስም፤ ይጠባል፣ ይበላል፣ ይስቃል፣ ሌሊት ተኝቷል። ይህን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ስትደርሱ ገና ከበሩ «ልጄን ጉንፋን ይዞታል» በሉ፤ ባለሙያው ከሌሎች ልጆች ለየት አድርጎ ያስቀምጣችሁ፣ እጁን ይታጠብ፣ መጫወቻውን ይጥረግ። ሥራውም ይቀንስ፤ የአርባ አምስት ደቂቃው ሃያ ይሁን። አክታ የያዘውን ልጅ በጎኑ እያስተኙ፣ እያስቀመጡ ማገላበጥ ራሱ ለደረቱ ይጠቅመዋል። እኔ ያችን እናት የመለስኋት በዚህ ቀለም ቀን ነበር።

ቢጫው ቤት የሚያስቀረው ነው። የብብቱ ሙቀት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለው፣ ዓይኑ መግል ከያዘ፣ ኩፍኝ የመሰለ ሽፍታ ወይም ጆሮ ደግፍ ከታየበት ወደ ፊዚዮቴራፒ አትውሰዱት። በዚያ ክፍል በምግብ እጥረት የተጎዳ ሌላ ልጅ ይኖራል፤ ለእናንተ ልጅ ቀላል የሆነው ኩፍኝ ለዚያ ልጅ ሞት ሊሆን ይችላል። ተቅማጥና ትውከት ከቆመ በኋላም 48 ሰዓት ጠብቁ። ግን ቤት ቀሩ ስላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ ማለቴ አይደለም። ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። ለተቅማጡ ለምለም የሚባለው ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ይሰጣችኋል፤ አንዱን የለምለም ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ በማንኪያ በማንኪያ ስጡት፣ ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ጨርሱለት። ትኩሳት ከሆነ የወባ ደም ምርመራው ይሠራ፤ ቤት የተረፈ ኪኒን በግምት አትስጡት። አሞክሳሲሊንም ለጉንፋን አይሠራም። ማር ያላችሁ፣ ጎጃም ማር አጥቶ አያውቅምና፣ ዓመት ለሞላው ልጅ ሳል ጥሩ ማለስለሻ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ግን ማር በጭራሽ አይቅመስ።

ሌላም አለ። አንጎላቸው ከተጎዳ ልጆች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዳሉ። ልጁ ሲታመም «መድኃኒት በዛበት» ብላችሁ ያንን ኪኒን አታቋርጡ፤ ትኩሳትና የተቋረጠ ኪኒን ሲገናኙ ነው ልጅ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው። ካስታወከው ለጤና ባለሙያው ንገሩ።

ሮዙ ሌላ ነገር ነው። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ ወይም እንደ ወትሮው አልነቃ ካለ ጊዜ አታጥፉ። ሲተነፍስ ደረቱ ከታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነም እንዲሁ። ልጁ ተኝቶ ወይም ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ገልጣችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ፤ ስልካችሁ ሰዓት አለው። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ጉንፋኑ ጉንፋን ብቻ አይደለም። ያን ቀን ስለ ፊዚዮቴራፒ ማንም አያስብ። በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ሆስፒታል።

እዚህ ላይ የጀሶ ልጆችን ለብቻ ላንሣ። እግሩ ዞሮ የተወለደ ሕፃን ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በሚባል ሐኪም ስም በተጠራው ዘዴ ይታከማል፤ በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረ እግሩ ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃዋል። ከዚያ በብረት የተያያዘ ጫማ ይደረግለታል፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎ ሌሊትና በእንቅልፍ ሰዓት እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ። ይህ ሕፃን ጉንፋን ቢይዘው ጀሶ መቀየሩ አይቀርም፤ ሕፃኑ በየሳምንቱ ያድጋል፣ ጀሶው ግን አብሮት አያድግም። ተቅማጥ ከሆነ ጀሶው እንዳይበሰብስ ጠብቁት። የእግሩ ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ወይም ከጀሶው ውስጥ ሽታና ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሂዱ። ጫማው ደረጃ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ልጁ ታሞ ሲያለቅስ እናት ታዝንና «ዛሬ እንኳ ይረፍ» ብላ ጫማውን ታወልቃለች። አንድ ሌሊት ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ ሳምንት። ብዙ እግር መልሶ የሚዞረው በዚህ ነው። ትኩሳቱን በፓራሲታሞል አብርዱለት፣ እቅፍ አድርጉት፤ ጫማው ግን እግሩ ላይ ይቆይ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ፤ ቤት በቀራችሁበት ቀን።

ለፊዚዮቴራፒ የምትሄዱበት ባሕር ዳር ከቡሬ 148 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በትልልና በእንጅባራ አድርጎ፣ ዳንግላንና መራዊን አልፎ። ከዚህ ከፍኖተ ሰላም ሲነሡ ደግሞ ማንኩሳ ተጨምሮ ከ170 ያልፋል። ያን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ ልጃችሁ የባለሙያ እጅ የሚነካው በሳምንት አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው። የቀረው ሁሉ በእናንተ እጅ ነው፤ ሲነሣ፣ ሲበላ፣ ሲታጠብ፣ ሲታዘል። ይህን ያስተዋሉት ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ መሠረታዊ ጤና አጠባበቅ ከተደረገው የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ የሚለውን አሠራር ያስጀመረው ከከተማ ርቆ የሚኖር ቤተሰብ ራሱ እንዲማር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም በዚሁ መንገድ ሠርቷል። ባለሙያው አስተማሪ፣ ቤተሰቡ አካሚ ይሆናል ማለት ነው።

እንግዲህ ደህና በሆነበት ቀን የምትሠሩት አለ። ልብስ ስትቀይሩለት እግሮቹን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ ተረከዙን በመዳፋችሁ ይዛችሁ የእግሩን ጣቶች ወደ ፊቱ ገፋ አድርጉ፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ፣ ልቀቁ፣ ድገሙ። ቡና ሲፈላ ጥግ ላይ አስቀምጡት፤ ሁለቱ ግድግዳዎች ጀርባውን ይይዙለታል፣ እሱም በዓይኑ ሲኒውን ይከተላል። መደቡን አስይዛችሁ አቁሙት፤ መደብ ቁመቱ ለልጅ መቆሚያ ልክ ነው። እናቶቻችን ልጅ የሚያዝሉበት መንገድ እግሩን ከፍቶ ወገብ ላይ ስለሚያቅፍ ለሚገታተር እግር ጥሩ ነው፤ በዚህ እንኳን ደስ አላችሁ። ይህ ሁሉ ተጨማሪ ሰዓት አይጠይቅም፤ ከሥራችሁ ጋር የሚሄድ ነው።

የሕመም ቀን ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ጡንቻ አትሳቡ፣ አታቁሙት፣ ላብ እስኪያልበው አታሠሩት። ሦስት ነገር ብቻ ጠብቁ። በየሁለት ሰዓቱ ገልብጡት፤ አንዴ በቀኝ ጎኑ፣ አንዴ በግራው፣ እግሮቹ እንዳይቆላለፉ በመካከላቸው የታጠፈ ጋቢ አድርጉ። ሲበላና ሲጠጣ ቁጭ ይበል። ጫማ ወይም ድጋፍ ያለው፣ ካላቆሰለው፣ አይወልቅበት። ሌላው ሥራ እስኪሻለው ይቆይ። ይህ ነው ቀጠሮው ቢቀርም ሕክምናው አይቅር ያልሁት። አምስት ወር ሙሉ እግሩ ተቆላልፎ በጀርባው ከተኛ ልጅና በየሁለት ሰዓቱ ጋቢ በእግሮቹ መካከል እየተደረገለት ጉንፋኑን ካሳለፈ ልጅ መካከል ያለውን ልዩነት እኔ በእጄ ዳስሼ አውቀዋለሁ።

ከሕመም በኋላ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ታያላችሁ፤ ቀድሜ ልንገራችሁ። ቁጭ ማለት የጀመረው ልጅ ይወድቃል፤ ጽዋ ይይዝ የነበረው ይለቃል። እግሩ ከበፊቱ የባሰ ይገተራል። ትኩሳት፣ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት እንኳ ጡንቻን ያገታትራሉ። «የለፋሁት ሁሉ ባከነ» ብላ አልቅሳ ሕክምናውን የተወች እናት አይቻለሁ። አልባከነም። በመጀመሪያው ቀን ከበፊቱ ሩቡን፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ ቀስ እያላችሁ በሳምንት ውስጥ ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልተመለሰ ይዛችሁት ኑ፤ ያኔ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።

ጠበል የሚሄድ ቤተሰብ አለ፤ እስከ ሰከላ፣ እስከ ግሽ ዓባይ። ሂዱ፤ እምነታችሁን የሚነካ ቃል ከእኔ አትሰሙም። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። የሰከላ ብርድ ብርቱ ነውና ልጁ ሲጠመቅ ቶሎ አድርቁት፣ ጉንፋን የያዘውን ቀን አሳልፉት። እዚያ በምትከርሙበት ሰሞንም የሚጥል በሽታ ኪኒኑና የእግሩ ሥራ አይቋረጥ። ቄሱን ጠይቁ፤ እኔ ከጠየቅኋቸው አባቶች አንዱም የልጁን እግር አትዘርጉ ያለኝ የለም።

አባቶች፣ እናንተን ለይቼ ልናገር። በዚህ አዳራሽ ስቆጥር ከአምስት እናት አንድ አባት ነው ያየሁት። እናት ስትታመምስ? እሷም ጉንፋን ይይዛታል፣ እሷም ትወልዳለች። ልጁን መያዝ የምታውቀው እሷ ብቻ ከሆነች እሷ የተኛች ቀን ሕክምናው ይተኛል። በሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ ሌላ ሰው አብሮ ይሂድና ይማር፤ አባት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ አሥር ዓመት የሞላት ታላቅ እኅትም ልጁን እንዴት እንደምታስቀምጠው ትማር። ትምህርቷን ግን አታስቀሯት።

አሁን ለሙያ ባልደረቦቼና ለጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቼ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው ቀበሌ ለቀበሌ ወጥተዋል። ወደ እነዚህ ቤቶች ደጃፍ ድረስ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ፊዚዮቴራፒስቶች አንደርስም። ለሕፃን ክትባት ወይም ክብደት ለመመዘን ስትገቡ አንድ ጥያቄ ጨምሩልን፦ «የእግሩ ሥራ እንዴት ነው?» ብቻ በሉ። ፊዚዮቴራፒስቶች ደግሞ አንድም ልጅ ምንም ሳይማርለት እንዳይመለስ እናድርግ። በመጀመሪያው ቀን ካርዱ ጀርባ ላይ በአማርኛ፣ በሥዕልም ጭምር፣ የሕመም ቀኑን ሥራ እንጻፍ። ማንበብ ለማትችል እናት በራሷ ስልክ፣ በራሷ ልጅ ላይ እየሠራን እንቅረጽላት። ስልክ ቁጥራችንን እንስጥ። አምስት ወር ሙሉ የጠፋች እናት በሁለት ደቂቃ ስልክ ልትመለስ ትችል ነበር፤ እኔ ግን ቁጥሯን አልያዝሁም ነበር። የቀረች እናት ስትመጣም አንቆጣ። የተቆጣናት እናት በሚቀጥለው ትቀራለች፤ ደግሞም አትፈረድባትም።

እናንተም ወላጆች፣ መኪና ከመሳፈራችሁ በፊት ደውሉ። «ሌሊት ሦስት ጊዜ አስሎታል፣ ትኩሳት የለውም፣ ጠብቷል፤ ልምጣ?» ብሎ መጠየቅ የመኪናውን ሒሳብና የአንድ ቀን ጉልበት ያተርፋል። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞንም ስልክ ከሠራ ሕክምናው በስልክ ይቀጥል፤ ስልክም ካልሠራ ካርዱ ጀርባ ላይ የተጻፈው አለ።

ያ የወንበርማ ልጅ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። እግሩ በተከታታይ ጀሶ ተደርጎለት ተረከዙ ቀስ በቀስ መሬት ነካ፤ ወራት ፈጅቶብናል። እናቱ ከዚያ ወዲህም ብዙ ቀጠሮ ቀርታለች፤ ክረምቱ ነበር፣ ወባው ነበር፣ ሌላ ልጅም ወለደች። በቀረች ቁጥር ግን ትደውልልኝ ነበር፣ ጋቢውንም በእግሮቹ መካከል ማድረጉን አልተወችም። ልጁ መደብ ይዞ በጎን ሲራመድ ያሳየችኝ በጉንፋን ቀን ነው፤ አፍንጫው እየተንጠባጠበ።

እንግዲህ ንግግሬ ይብቃ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ጠጋ እናድርግና ይህን ምንጣፍ መሬት ላይ እናንጥፈው። ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ አንድ በአንድ ቅረቡ፤ ካርዳችሁንና እርሳስ ያዙ። መጀመሪያ ያቺ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረችው እናት ትምጣ፤ ልጇን ሲያስለው ሰምቻለሁ፣ ከእሱ እንጀምር።